ጎረቤት የማያውቅ ብርሃን

ብርሃኑ የቀረው በአንድ የጥቅምት ማለዳ ነው። ሶልያና እንደ ወትሮዋ የባሏን አልጋ በጎማዎቹ እየገፋች ከግድግዳው ሥር ወደ ክፍሉ መሀል አመጣችው። ብርድ ልብሱን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበችለት። እጆቹን አውጥታ ሆዱ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ እሱ ተኝቶ፣ እሷ ቆማ፣ ሁለቱም ወደ ጣሪያው አፍ አንጋጠው ጠበቁ። የጣሪያው አፍ ውኃ እንደ ጠፋበት ቧንቧ ዝም አለ።

«ዘገየ?» አለ ያፌት።

«ደመና ነው» አለችው።

ደመና ይሁን አይሁን አታውቅም። ኮዬ ውስጥ ታችኛው ወለል የሚኖር ሰው ሰማይ አያይም። ብሎኮቹ በየዘመኑ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እየተጨመረ ወደ ላይ አድገዋል፤ ወደ ጎንም ስለተጠጋጉ መስኮት የከፈተ ሰው የሚያገኘው የሌላ ብሎክ ግድግዳና የሌላ ሰው መጋረጃ ነው። ፀሐይ የምትመጣው ከላይ ነው። ጣሪያ ላይ የተዘረጉት መስታወቶች ይሰበስቧታል፤ ከዚያ እንደ መቃ ጎን ለጎን በተደረደሩ ቀጫጭን የብርጭቆ መስመሮች በሕንጻው ሆድ ውስጥ ቁልቁል ትወርዳለች። ለአንድ ቤት አንድ መስመር ነው።

አምፖልማ አለ። መብራት ካልጠፋ በቀር ማንም ራቱን በጨለማ አይበላም። ነገር ግን አምፖል አምፖል ነው። አራስ በአምፖል አትሞቅም፤ በርበሬ አምፖል ሥር አይሰጣም። የኮዬ ሰው ቀኑ መምጣቱን የሚያውቀው ከጣሪያው አፍ በምትወርደው፣ ሰፌድ በምታህለው የብርሃን ክብ ነው።

ያቺ ክብ የአንድ ቤት ብቻ ሆና አታውቅም። መስመሮቹ ጎን ለጎን ይሂዱ እንጂ በመካከላቸው አጥር የለም። ደካማ ብርሃን በአንዱ ገብቶ ጥቂት ወለል እንደ ወረደ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መፍሰስ ይጀምራል፤ የተቀበሉትም ለጎረቤቶቻቸው ያፈስሳሉ። ታች ሲደርስ የማን እንደ ነበረ አይታወቅም። ሰዉ «የጋራው» ይለው ነበር። እንደ ቀጠነ ወተት ፈዛዛ ነው፤ ግን ይሞቃል፤ ደግሞ በየቀኑ ይመጣል። ያፌት ሳንባው ታሞ፣ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቱ ይሻለዋል» ብለው ከመለሱት ወዲህ፣ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱም አልመጣም። ሶልያና ከባሏ ተደብቃ የብሎኩን የብርሃን ሠራተኛ ናኦልን ፈለገችው። ደረጃው ሥር መሣሪያውን ሲጠራርግ አገኘችው።

«ከእናንተ ቀጥሎ ያለው መስመር ጽኑ ብርሃን ገባለት፣ እትዬ» አላት። «የአርሴማ መስመር። መሥሪያ ቤቷ ነው ያስገባላት።»

«እሷ ጽኑ ብታስገባ የእኔ ለምን ይጠፋል?»

ናኦል ጨርቁን አጣጥፎ ተቀመጠ። «ጽኑ ብርሃን እንደ ደካማው አይደለም። ደካማው ሲሄድ ይበተናል። ጽኑው ግን የሚያልፍበትን ብርጭቆ ራሱን ይለውጠዋል፤ ከሥሩ እየቦረቦረ የራሱን ቦይ ያበጃል፤ እዚያው ውስጥ ተሰብስቦ ይወርዳል። ወደ ጎን ጠብ አይልም። የእናንተ ክብ ከሞላ ጎደል ከእሷ የሚፈሰው ነበር። የራሳችሁማ እዚህ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል።»

«አሁን የት ነው ያለው ታዲያ?»

«እሷ ቤት።»

ወደ ቤት ስትመለስ ያፌት ነቅቶ ነበር። «ዛሬስ?» አላት።

«ዛሬም ጠቁሯል። ከእንጦጦ በኩል ተነሥቶ መጥቶ ነው።»

«ነፋሱስ?»

እዚህ ላይ ተቸገረች። ያፌት ዝዋይ ሐይቅ ዳር አድጎ፣ በጎልማሳነቱ መረብ እየጣለ ዓሣ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። ሰማይ ሳያይ ከቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር። «ነፋስስ የለም» አለችው። «ቆሞ ነው ያለው ደመናው።»

«የቆመ ደመና ያዘንባል» አለና ዓይኑን ከደነ።

እንዲህ ተጀመረ። ሶልያና በየማለዳው አልጋውን ትገፋለች፤ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ የአየሩን ሁኔታ ትነግረዋለች። አንድ ቀን ካፊያ ነው ትለዋለች፣ ሌላ ቀን ጉም። ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ ውርጭ ያዘለ ደመና ፈጠረችለት። ምን እንደምትለው ስታስብ ይነጋባታል፤ አዋቂ ናቸው የምትላቸውን ሰዎች ሳይቀር «ኅዳር ላይ ሰማዩ ምን ይመስላል?» እያለች ትጠይቅ ጀመር። እሱ ጥያቄ ያበዛል። «ዳርና ዳሩ ነጭ ነው? ወይስ ሁሉም አመድማ?» ይላታል። ትመልስለታለች። ብርሃን ሳያገኝ ቆዳው እንደ ወረቀት እየሳሳ ሄደ፤ ከአልጋው ላይ ቀና የሚለውም ደመናው ሲነገረው ብቻ ሆነ።

በመጨረሻ ወደ አርሴማ ወጣች። አርሴማ የምትኖረው ሕንጻው አጋማሽ ላይ ነው። ሠላሳዎቹን ያለፈች፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ለከተማው የአውቶቡስ መሥሪያ ቤት ቤቷ ሆና መንገድ የምትነድፍ ሴት ናት። በሩን ስትከፍት ሶልያና በእጇ ፊቷን ጋረደች። ክፍሉ ውስጥ ነጭ ያልሆነ ነገር አልነበረም። ከጣሪያው አፍ የሚወርደው ብርሃን ወለሉን መትቶ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣል። መስኮቱ ሥር በትንሽ ጣሳ አንድ ቃሪያ ተተክሏል፤ ፍሬ ይዟል። ሶልያና የሚያፈራ ነገር ቤት ውስጥ ካየች ብዙ ዘመን ሆኗታል።

«ይግቡ፣ እትዬ። ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። የመጣችበትን ነገረቻት። አርሴማ እስከ መጨረሻው አላቋረጠቻትም። ከዚያ ጣቶቿን እያፍተለተለች፣ «እኔ የማንንም አልወሰድኩም» አለች ቀስ ብላ። «የራሴ መስመር ነው። ድሮ ይፈስ ነበር፤ አሁን አይፈስም። ሌላ ምንም የለም።»

«ልክ ነሽ ልጄ» አለች ሶልያና። ልክ መሆኗ ነበር የከፋት።

«እኔም እኮ ታች ነው ያደግሁት። መብራት ሲጠፋ እናቴ ሥራ ላይ ትሆናለች። በሩ ተቆልፎብኝ፣ ግድግዳ እየዳሰስኩ...» አርሴማ ወደ ብርሃኑ አየች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋሽ ያፌትን እግዜር ይማራቸው።»

ሶልያና ወርዳ ስትሄድ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ብዙ ጊዜ ደረጃው ላይ ቆመች።

ነገሩን ለእድሩ ያደረሰው ናኦል ነው። የብሎኩ እድር የሚሰበሰበው በደረጃው መካከል ባለው ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ሲሆን፣ ሰዎች እንደየወለላቸው ከላይና ከታች ደረጃው ላይ ይደረደራሉ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቅዱስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ናኦልን ጠየቁት፤ «አሁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርገህ ንገር።»

«የእያንዳንዳችን ብርሃን ደካማ ስለሆነ ይበተናል» አለ ናኦል። «የሁላችንም ተሰብስቦ ጣሪያው ላይ በአንድ መስመር ከገባ ግን ይጸናል። ሳይፈስ፣ ሳይቀንስ ጋሽ ያፌት ደረት ላይ ያርፋል። ለአንድ ቀትር ይቻላል። የዚያን ቀን ግን ሌላው ቤት ምንም አያገኝም።»

ከላይ በኩል ፌቨን የምትባል መንታ ልጆች ያሏት ሴት ተነሣች። «እኔ ጋሽ ያፌትን እወዳቸዋለሁ» አለች። «ልጆቼ ግን ያቺን ብርሃን ነው ሲጠብቁ የሚውሉት። ምን ልበላቸው? ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ቢታመምስ?»

ሶልያና አንገቷን ደፍታ ነበር። «ፌቨን እውነቷን ነው» አለች። «እኔም አልጠየቅኩም። ናኦል ነው ያመጣው።»

ጋሽ ቅዱስ በትራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። «ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፤ ወንበር እናመጣለን፤ ንፍሮ እንቀቅላለን። ለሞተ ሰው ይህን ሁሉ የምናደርግ፣ በቁሙ ሳለ አንድ ቀትር እንነፍገዋለን? ለሬሳ ብቻ ነው እንዴ እድር የገባነው?»

«እሺ» አለችና ፌቨን ተቀመጠች። «አንድ ቀን ነው። እነግራቸዋለሁ።»

ከዚያ ሁሉም እሺ አለ። ናኦል ግን አልጨረሰም ነበር። «አንድ ነገር አለ። ሁለት ጽኑ ብርሃን ተጠጋግተው ከሄዱ ይሳሳባሉ። ቀድሞ ቦዩን ያበጀው ሌላውን ይጎትተዋል፤ ሁለቱም አንድ መስመር ውስጥ ይገባሉ። አርሴማ ለዚያች ቀትር ማጥፋት አለባት። መቆጣጠሪያው ያለው ቤቷ ነው፤ ከእሷ በቀር ማንም አይነካውም።»

ሶልያና ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች። አሁን ተዘጋጅታ፣ ቃል አሳምራ ነበር የሄደችው፤ አላስፈለጋትም። አርሴማ በሩ ላይ እንደቆመች ሰማቻትና «አጠፋዋለሁ» አለች። ጊዜ አልወሰደባትም። «ካላጠፋሁት ወደ እኔ ይመጣል ማለት ነው?»

«ናኦል እንደዚያ ነው ያለው።»

«አጠፋዋለሁ። ለጋሽ ያፌት ይንገሯቸው። ወይም አይንገሯቸው፤ እንደፈለጉ።»

ሶልያና አልነገረችውም። በተባለው ቀን ማለዳ ገላውን በሞቀ ውኃ አጠበችው፤ ጺሙን ላጨችው፤ የታጠበ ነጭ ሸሚዝ አለበሰችው።

«ምን በዓል ነው?» አላት።

«ዛሬ ደመናው ሳይገፈፍ አይቀርም።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኛ።»

ፈገግ አለ። ቀትር ሲቃረብ አልጋውን መሀል አደረገችው። ከበሩ ውጭ ጎረቤቶቿ ደረጃው ላይ መጥተው መቀመጣቸው በሹክሹክታቸው ታወቃት። ቤታቸው ጨልሞ ነበርና ብቻቸውን ከሚቀመጡ አብረው ለመሆን የመጡ ይመስላሉ። ከመንትዮቹ አንዱ ሲያለቅስ ፌቨን «እሽሽ» ስትል ተሰማ።

ብርሃኑ ሳያስጠነቅቅ መጣ። ፈዛዛው የጋራው አልነበረም። ነጭ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ፣ ክብደት ያለው ነገር መስሎ ያፌት ደረት ላይ ወደቀ። ሸሚዙ በራ። የእጁ ደም ሥር አንድ በአንድ ታየ። በግድግዳው ላይ ያለው የርጥበት እድፍ፣ የወንበሩ የተሰበረ እግር፣ በአየሩ ላይ የሚንሳፈፈው አቧራ፣ ለዓመታት በፈዛዛ ብርሃን ተሸፍኖ የኖረው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ያፌት ወደ ላይ አላየም። ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ አዙሮ ሚስቱን አያት። ረጅም ጊዜ ነው ያያት።

«ሸብተሻል» አለ።

«አንተስ?»

«እኔማ ድሮ። ያንቺን ግን ማን ነገረኝ?» እጁን ወደ ፊቷ ዘረጋ። ጎንበስ አለችለት። ጣቱ ሞቆ ነበር፤ እሷ ለምን ያህል ጊዜ እንደ በረደው እንኳ ረስታው ነበር። ጉንጯን፣ ቅንድቧን፣ የዓይኗን ዳር ነካ። «ቅርብ ሁኚ» አላት። «እንዲህ ሆነሽ ቆይ።»

ብርሃኑ ተርገበገበ። እንደሚያልፍ መኪና መብራት አንዴ ወደ ጎን ሸሸ፤ ተመለሰ፤ ከዚያ ጠፋ።

ጨለማው ከበፊቱ የባሰ ሆነ። ከደረጃው «ምን ሆነ?» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ የናኦል እግር ወደ ላይ ሲሮጥ ተሰማ። ሶልያና የባሏን እጅ ፊቷ ላይ እንደያዘች ቀረች። ይመለሳል ብላ ጠበቀች። አልተመለሰም።

«ደመና ነው» አለች በመጨረሻ።

ያፌት ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀችው።

«ሶሊ» አላት። «ደመና እንዲህ በአንዴ አይሸፍንም። ሐይቅ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ እኮ።»

የያዘችውን እጁን ጉንጯ ላይ ጫን አደረገችው።

«በኅዳር ደግሞ ይህን ሁሉ ቀን አይደምንም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ለምን ትጠይቀኝ ነበር?»

«ጠዋት ጠዋት አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ስትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበራ።» ትንፋሹ አጠረ። «ያ ዳሩ ነጭ የሆነው፣ የቆመው ደመና ጥሩ ነበር። እሱን መልሰሽ ንገሪኝ።»

ነገረችው። በጨለማው ውስጥ እጁን ይዛ ከዳር እስከ ዳር ነገረችው። ከእንጦጦ በኩል እንዴት እንደተነሣ፣ ነፋሱ እንዴት እንደ ተወው፣ ከሥሩ እንዴት አመድማ እንደ ሆነ፣ ዳሩ ላይ እንዴት እንደሚያበራ። የጠየቃትን እየመለሰች፣ መጠየቁን ሲተው ደግሞ ከራሷ እየጨመረች።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት፣ አልጋውን ልትገፋ ስትመጣ፣ ሞቶ አገኘችው።

የኮዬ ሰው የሚቀበረው ከከተማ ውጭ፣ ሜዳ ላይ ነው። ሰዉ ሁሉ ሕፃናቱን ይዞ ወጣ፤ ለቀብር ልጅ ይዞ መውጣት ነውር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ብሎክ የማይጋርደው ሰማይ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነውና። ሰማዩ አንዲት ደመና አልነበረበትም። ፀሐይ በሬሳ ሳጥኑ ክዳን ላይ፣ በካህኑ ጥላ ላይ፣ በተቆፈረው አፈር ላይ ያለ ስስት ትወርድ ነበር። የፌቨን መንትዮች ዓይናቸውን አጨንቁረው በመቃብሮቹ መካከል ተሯሯጡ፤ ማንም አልገሠጻቸውም። ሶልያና ቀና አላለችም። አፈሩ ሲመለስ ሳጥኑ ላይ የነበረው ፀሐይ እንዴት እንደ ጠበበ፣ እንዴት እንዳለቀ ብቻ ነው ያየችው።

ድንኳኑ የተተከለው ደረጃው ላይ ነው፤ በብሎኮቹ መካከል ድንኳን የሚያስተክል ቦታ የለም። ሸራውን ከላይኛው ወለል መደገፊያ እስከ ታችኛው ወጥረው፣ አግዳሚ ወንበሮቹን በሰፊው ቦታ ላይ ደረደሩ። ሶልያና በመካከል ተቀመጠች። የሚመጣው ይመጣል፤ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፤ ይቀመጣል። ናኦል አንድ ጊዜ አጠገቧ ጎንበስ ብሎ፣ «የአርሴማ መስመር ውስጥ ነው የገባው። በጊዜው አልደረስኩበትም» አላት። «ተወው» አለችው።

በማግስቱ አርሴማ ወረደች። ጥቁር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ መደገፊያውን እየዳሰሰች ነበር የመጣችው፤ ለዓይኗ የታችኛው ደረጃ ጨለማ ነው። ማንም ቦታ አልለቀቀላትም። ሶልያና ፊት ደርሳ ቆመች።

«አጥፍቼው ነበር» አለች። «እውነቴን ነው። አጥፍቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ እንደ ቆየሁ ልቤ ይመታ ጀመር። በሩ የተቆለፈብኝ መሰለኝ። ክፍት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን መሰለኝ። እጄ ወደ መቆጣጠሪያው ሄደ።» ቀና ብላ ሶልያናን አየቻት። «ነግረውኝ ነበር፣ እትዬ። ወደ እኔ እንደሚመጣ ነግረውኛል። አላወቅሁም አልልም።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ «ኤዲያ!» አለች። ሶልያና ግን እጇን አነሣች።

«መጣ?» ብላ ጠየቀቻት።

«መጣ።»

«እንዴት ነበር? የሁላችን ብርሃን ነበር፤ እንዴት ነበር?»

«አላየሁትም። በጣም ኃይለኛ ነበር። ዓይኔን በሁለት እጄ ሸፍኜ ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ፣ እስኪያልፍ። ቃሪያዋም ጠወለገች።»

ደረጃው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያን ቀትር በጨለማ እንዴት እንዳሳለፈው ያስታውስ ነበር። ጋሽ ቅዱስ እንኳ በትራቸውን አላነሡም።

«ያፌትም አላየው» አለች ሶልያና፣ ለማንም እንደማትናገር ሆና። «ጥቂት ጊዜ ነበር የቆየው። ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። እኔን ነበር የሚያየኝ።»

ይህን ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን፣ አልጋው አጠገብ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። ሴቶቹ ተቀበሏት። አርሴማ የት እንደምትሄድ ጠፍቷት በመካከላቸው ቆማ ቀረች። ሶልያና ዓይኗን ሳትጠርግ በመዳፏ አግዳሚው ላይ ዳሰሰች፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና አጠገቧ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀች።